ቅጠሉ ራሱ ይመስክር
ዕፅዋትን በፀሐይ ብርሃን የማተም ጥበብና የአትባራ ዳርቻ

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አባባሉ እውነት ነው። ይሁንና የትርጉም ሥራ እንጀራው የሆነ ሰው አንድ ነገር ሊጨምርበት ይገደዳል። በጽሑፍ ያለውም ቢሆን የሚወረሰው፣ የተጻፈው ስም ከነገሩ ጋር ተያይዞ ሲዘልቅ ነው። ስሙ ተጽፎ ነገሩ ከተለየው ወራሹ የሚረከበው ባዶ አገልግል ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት ወራት፣ በሾዋክ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ እንዳስተረጉም ተጠርቼ ነበር። ከመተማ ወገን የመጡ አንዲት አዛውንት ትኩሳት ጠንቶባቸው ተኝተዋል። ሐኪሙ ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት የወሰዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቀ። ጥያቄውን ሳደርስላቸው «የባምባ ልጥ ቀቅዬ ጠጥቻለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ባደግሁበት አገር ባምባ ማለት ሾላ ነው። ስለዚህ ሳላመነታ «ጁመይዝ» ብዬ ተረጎምሁ፤ ሐኪሙም በካርዱ ላይ ጻፈው።

በማግስቱ የልጅ ልጃቸው «አያቴ የጠጣችው ከዚህ ዛፍ ነው» ብላ አንድ ቅጠል ይዛ መጣች። ቅጠሉ እንደ ሰው እጅ አምስት ጣት ነበረው። የሾላ ቅጠል ግን አንድ ወጥ፣ ክብ ቢጤ፣ ሲዳስሱት የሚሻክር ነው። አዛውንቷ «ባምባ» ያሉት ሱዳናውያን ተበልዲ የሚሉትን፣ ግንዱ እንደ ጎተራ የሚወፍረውን ዛፍ ኖሯል። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሳስቼ ተርጉሜዎታለሁ» ስላቸው፣ «ምን ታደርግ ልጄ፤ ስሙ እንደሆነ አንድ ነው። ቅጠሉን ብታየው ግን አትስትም ነበር» አሉኝ።

በዚያ ቀን ስሕተቱ ጉዳት አላደረሰም፤ ካርዱ ታረመ፣ አዛውንቷም ተሻላቸው። የእሳቸው ቃል ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ የምንኖርበት ምድር አንድን ዛፍ በሦስትና በአራት ቋንቋ የሚጠራ ምድር ነው። በአማርኛ ቁርቁራ ወይም ገባ የምንለው በዐረብኛ ስድር ነው፤ ፍሬው ነበቅ ይባላል። በደኖ የምንለው ሂጅሊጅ ሲሆን ፍሬው ላሎብ ነው። ስሞች ድንበር ሲሻገሩ ይለዋወጣሉ፤ አንዳንዴም እንደ ባምባ አንዱ ስም ለሁለት ዛፍ ይሰጣል። ቅጠል ግን የትም ቢሄድ ቅርጹ ያው ነው። ታዲያ ቅጠሉን ራሱን በወረቀት ላይ ማስቀረት ይቻል ይሆን? ሰዎች ይህን ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ከፊሉም ታሪክ ያለፈው በዚሁ በእኛ መንገድ ላይ ነው። እነሆ ታሪኩን በአጭሩ እናውጋ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሠዓሊው የተረሳበት መጽሐፍ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ በማግስቱ ዓመት ጎንደር ገባ። ዓባይን ምንጩ ድረስ ለማየት የመጣ ሰው ቢሆንም የአገሩን ዕፅዋት በጥንቃቄ ያስመዘግብ ነበር። «ያስመዘግብ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ከቦሎኛ የመጣ ወጣት ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበረ። ኮሶን፣ እንሰትንና ሌሎችንም ከቅጠላቸው ጅማት እስከ አበባቸው ድረስ በውሃ ቀለም የሣለው ይህ ወጣት ነው። ባሉጋኒ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ጎንደር ላይ ሞተ።

ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ ዛሬ የመተማና የገላባት ምድር በምንለው በራስ አልፊል በኩል ወደ ሰናር አቀና። የአትባራን ምድር አቋርጦ ሰናር የደረሰው በ1772 ነው። በራስ አልፊል ሳለ በተቅማጥ ክፉኛ ታመመ፤ የአገሬው ሰዎችም በአንድ ቁጥቋጦ ሥር አዳኑት። ቁጥቋጦው እኛ ዛሬም ዋጊኖስ የምንለው ነው። ብሩስ ስሙን እንደ ሰማው መዝግቦታል። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ተክሉን በብሩስ ስም «ብሩሲያ» አሉት፤ የሁለተኛው ስሙ ትርጉምም «ተቅማጥን የሚያግድ» ማለት ነው። ያዳኑት ሰዎች መድኃኒቱን ሰጡ፣ የዳነው ሰው ስሙን ሰጠ።

በ1790 ብሩስ የጉዞ ታሪኩን በ5 ጥራዞች አሳተመ። የመጨረሻው ጥራዝ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት የሚያወሳ ነው። ሥዕሎቹ በመጽሐፉ ውስጥ ቀረቡ፤ ባሉጋኒ ግን የሚገባውን ምስጋና አላገኘም፤ አንባቢው ሥዕሎቹን የብሩስ የእጅ ሥራ አድርጎ እንዲቀበል ተደረገ። የሠዓሊው ሥራ በስሙ በሚገባ የታወቀው፣ አሁን በአሜሪካ በዬል የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማዕከል የሚገኙት ሥዕሎቹ በ20ኛው መቶ ዘመን ተመርምረው ሲታተሙ ነው። ኮሶም የራሱ የስም ውጣ ውረድ ገጥሞታል። ብሩስ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር፤ በሳይንስ የጸናለት ስም ግን የኮኒግስበርጉን የመድኃኒት ቀማሚ የሐገንን ስም የያዘው «ሐጌኒያ አቢሲኒካ» ነው። ከሦስቱ ዕድለኛው እንሰት ነው፤ በላቲኑም «እንሰቴ» ተብሎ የአገሩን ስም ይዞ ቀርቷል።

እንግዲህ በእጅ የተሣለ ሥዕል ውበት አለው፤ ነገር ግን የሠዓሊ እጅ ይፈልጋል። ሠዓሊው ሲሞት ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ያላንዳች ፊርማ ወደ ሌላ ሰው ስም ሊሻገርም ይችላል።

የደረቁ ቅጠሎች ስደት

ሁለተኛው መንገድ ተክሉን ራሱን በወረቀት መካከል ተጭኖ ማድረቅ ነው። በዚህ ረገድ ከጀርመናዊው ከጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ጋር የሚተካከል በአገራችን ታሪክ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሺምፐር በ1837 ትግራይ ገብቶ በ1878 ዐድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ከአገሩ ሰው ጋር ተጋብቶ፣ በደጃዝማች ውቤ ዘመን በእንትጮ ሹመት ተሰጥቶት ኖረ። ኑሮውን የሚደግፈው የደረቁ ዕፅዋትን እየላከ ነበር። በኤስሊንገን ከተማ የተቋቋመ አንድ ማኅበር አባላቱን መዋጮ እየጠየቀ፣ ሺምፐር የላከውን እያካፈለ ያከፋፍል ነበር። በዚህም የተነሣ የአንድ ቁጥቋጦ ቅርንጫፎች ወደ ፓሪስ፣ ወደ ለንደን፣ ወደ በርሊን ተሰራጩ።

ወደ እኛ ደግሞ ጊዮርግ ሽቫይንፉርት መጣ። በሪጋ ተወልዶ ዕፅዋትን ያጠናው ይህ ሰው በ1865 በከሰላ፣ በገዳሪፍና በገላባት እየተዘዋወረ ቅጠል ሰበሰበ፤ በ1867ም የኢትዮጵያን ዕፅዋት የሚመለከት ሥራ አሳተመ። ከእሱ ቀደም ብሎ በ1861 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርና ባለቤቱ ፍሎረንስ በአትባራ ዳር፣ ሶፊ በተባለች መንደር ከርመው ነበር። ሰቲትና አትባራ የሚገናኙበትን ምድር የገለጸበት የቤከር መጽሐፍም የታተመው በ1867 ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የእኛ ወንዝ ዳር በሁለት የአውሮፓ ቋንቋዎች ታተመ ማለት ነው። በወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ግን መጻሕፍቱን አላዩአቸውም።

እነዚያ ቅጠሎች ምን ሆኑ? መልሱ አስተማሪ ነው። የበርሊን ዳሌም ታላቁ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማኅደር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጋቢት 1943 በአየር ድብደባ ተቃጠለ። በመቶ ዓመታት የተከማቸው አብዛኛው በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። ይሁንና ሺምፐር የላካቸው ብዙዎቹ ዕፅዋት ጨርሰው አልጠፉም፤ መንትዮቻቸው ቀድመው በሌሎች ከተሞች ተከፋፍለው ነበርና። በአንድ ቤት የተቀመጠው ጠፋ፣ በብዙ ቤት የተበተነው ተረፈ። እዚህ ላይ አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነውና።

ፀሐይ ጸሐፊ ስትሆን

ሦስተኛው መንገድ የሠዓሊ እጅም፣ የወረቀት መጭመቂያ ማኅደርም ሳያስፈልገው ፀሐይን ጸሐፊ የሚያደርግ ነው። ፈልሳፊው እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሰር ጆን ኸርሽል ነው። ኸርሽል ከአፍሪካ ዕፅዋት ጋር የተዋወቀው ቀድሞ ነበር። ከ1834 እስከ 1838 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ከዋክብትን ሲመለከት ሳለ፣ ከባለቤቱ ከማርጋሬት ጋር የአካባቢውን አበቦች ይሥል ነበር። እሱ በመስተዋት መሣሪያ እየተረዳ የቅጠሉን ጠርዝ ይነድፋል፤ እሷ ቀለሙን ትቀባለች። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1842 ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው አንድ ጥናት ሁለት የኅትመት ዘዴዎችን አስተዋወቀ።

የመጀመሪያው ሳያኖታይፕ ይባላል፤ ስሙ ጥቁር ሰማያዊ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ የተባሉ ሁለት ውሁዶች በየራሳቸው በውሃ ይሟሟሉ፤ ከዚያም ተቀላቅለው በጨለማ ክፍል ወረቀት ይቀባባቸዋል። ወረቀቱ ሲደርቅ ቅጠል ይደረግበትና ፀሐይ ላይ ይወጣል። የፀሐይ ጨረር በነካው በኩል በውሁዱ ውስጥ ያለው ብረት ይለወጥና የፕሩሲያ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም ይፈጠራል። በቅጠሉ ጥላ ሥር ያለው ግን ሳይለወጥ ይቀራል፤ በውሃ ሲታጠብም ተጠርጎ ይሄዳል። በመጨረሻ በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ቅጠል ይታያል፤ ልኩ ከእውነተኛው ቅጠል ልክ ጋር አንድ ነው።

ይህን ዘዴ ለዕፅዋት መዝገብ ያዋለችው አና አትኪንስ ናት። አባቷ የኸርሽል ወዳጅ ሳይንቲስት ነበር። በ1843 የባሕር አረሞችን በዚህ ዘዴ እያተመች መጽሐፍ ማውጣት ጀመረች፤ ሥራውም እስከ 1853 ቀጠለ። በፎቶግራፍ የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው ይባላል። ገጾቹን አንድ በአንድ በፀሐይ አተመች፤ የመግቢያው ጽሑፍ እንኳ የእጅ ጽሕፈቷ በብርሃን የታተመ ነበር። ቅጂዎቹን ለወዳጆቿና ለሳይንስ ማኅበራት አደለች። መጽሐፉ ላይ ያኖረችው የስሟን የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ በመሆኑ፣ ከጊዜ በኋላ ያዩት ሰዎች «ስሙ ያልታወቀ አማተር» ማለት ይሆናል ብለው ገምተው ነበር። የባሉጋኒ ዕጣ በእሷም ላይ ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው። ሥራዋን ያተረፈው በብዙ እጅ መገኘቱ ነው።

ፀሐይና ወረቀት በአገራችን በጦርነት ወቅትም አብረው ታይተዋል። በ1868 በመቅደላው ዘመቻ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዘው ዘምተው ነበር። ሥራቸው አገሩን ፎቶግራፍ ማንሳት ብቻ ሳይሆን የጉዞ ካርታዎችንና ንድፎችን ማባዛትም ነበር። በመቅደላ ከተለቀቁት አውሮፓውያን መካከል አንዱ ደግሞ ያ ሺምፐር ነበር፤ ቅጠል ሰብሳቢውና ፎቶግራፍ አንሺዎቹ በአንድ ተራራ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ፣ ከ1870ዎቹ ጀምሮ፣ የኸርሽል ሰማያዊ ዘዴ የሕንፃ ንድፍ ማባዣ ሆነ። ዛሬም የግንባታ ሰዎቻችን አንድን ንድፍ «ብሉ ፕሪንት» ሲሉ የሚጠሩት ይህንኑ ነው። ቅጠል ለማተም የታሰበው ቀለም ድልድይና ግድብ ሲገለብጥ ኖረ።

የአበባ ጭማቂ

በዚያው በ1842 ጥናት የተጠቀሰው ሁለተኛው ዘዴ አንቶታይፕ ነው፤ ይህም አበባ ከሚል የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ኸርሽል የአበቦችን ጭማቂ ወረቀት ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲያወጣ ቀለሙ እየለቀቀ ሄደ። ቅጠል ያረፈበት ቦታ ግን እንደነበረ ቀረ። ከእሱ በኋላ ሜሪ ሶመርቪል የተባለችው ሊቅ የዕፅዋትን ጭማቂ በፀሐይ ብርሃን እየፈተነች ውጤቷን በደብዳቤ ላከችለት፤ ጽሑፏም በ1846 ታተመ። ዘዴው በአውሮፓ ገበያ አላገኘም። ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ በደካማ ፀሐይ አንድ ኅትመት ቀናትና ሳምንታት ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ኅትመቱን ማጽናት አይቻልም፤ ብርሃን ላይ ከተተወ እየደበዘዘ ይሄዳል።

እነሆ እዚህ ላይ ነው ሾዋክ ወደ ታሪኩ የምትገባው። የመጀመሪያው ምክንያት እኛን አይመለከተንም፤ ፀሐይ አልጎደለብንም። የሚያስፈልገው ጭማቂም ከሱቅ ራቅ ብሎ አይገኝም። በየቤታችን የሚፈላው ከርከዴ አንቶሳያኒን የተባለው፣ በፀሐይ የሚለቅቅ ቀይ ቀለም ሞልቶበታል። ሰማያዊውን ዘዴ ለመሞከር ውሁዶቹን ከሩቅ ማስመጣት ያስፈልግ ይሆናል፤ ውሁዶቹን ከጠንካራ አሲድና ከእሳት ማራቅም ግዴታ ነው። ከርከዴን ግን ሕፃን ልጅ ቢቀባው የሚያስፈራ ነገር የለውም።

አሠራሩን እኔ ራሴ ተበላሽቶብኝ ስለተማርሁት ለጀማሪ የሚረዳውን ላካፍል። ቅጠሉ አስቀድሞ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ከባድ ነገር ተጭኖበት ጥቂት ቀናት ይቆይ። እርጥብ ቅጠል መስተዋት ሥር ላብ ያወጣና ቀለሙን ያዥጎረጉረዋል፤ የመጀመሪያው ሙከራዬ በዚህ ተበላሸ። አንድ እፍኝ ከርከዴ በጥቂት ሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ጠቆር ሲል በስስ ጨርቅ ይጠለል። በውሃ የማይፈረካከስ ወፈር ያለ ወረቀት ተመርጦ፣ በብሩሽ ወይም በጥጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባ፤ በየመካከሉ በጥላ ይድረቅ። ወረቀቱ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ግራጫ ሰማያዊ ቢሄድ አትደንግጡ። ከወረቀቱ ጋር የተቀላቀለው የኖራ ዘር የከርከዴውን ቀለም ስለሚለውጠው ነው፤ ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ቀይ እንደሚሆን ሁሉ።

ከዚያ በኋላ የደረቀው ቅጠል በወረቀቱ ላይ ይዘርጋ፣ ንጹሕ መስተዋት ይጫንበት፣ ዙሪያውን በልብስ መቆንጠጫ ይያዝ። ቅጠሉ ከወረቀቱ ጋር ካልተጣበቀ ብርሃን ከሥሩ ሾልኮ ጠርዙን ያደበዝዘዋል። ከዚያ በግቢ ውስጥ፣ ፍየልና ሕፃን በማይደርሱበት ከፍታ፣ ፀሐይ ላይ ይውጣ። የእኔ የከርከዴ ኅትመት ሦስት ቀን ፈጅቷል። መቸኮል ያበላሻል፤ ቅጠሉን አንሥቶ እያዩ መመለስ ምስሉን ድርብ ያደርገዋል። ከጠርዝ በኩል የተጋለጠው ወረቀት በሚገባ መንጣቱን እያዩ መጠበቅ ይሻላል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው እርድ አለለት፤ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ተበጥብጦ ተጠልሎ ቢቀባ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይለቅቃል። ከርከዴውን ግን ከታተመ በኋላ ማጠብ አይገባም፤ ቀለሙ አብሮ ይታጠባል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ማለትም የኅትመቱ አለመጽናት፣ እውነተኛ ጉድለት ነው። ከግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ይጠፋል። ስለዚህ ቦታው የተዘጋ መጽሐፍ ነው፤ ሲፈለግ ተገልጦ ይታያል፣ መልሶ ይዘጋል። አያቶቻችን ብራናውን በማኅደር የሚያኖሩት ስለዚህ አልነበረምን? ደግሞም ቅጠሉ በዛፉ ላይ እስካለ ድረስ ሌላ ማተም ይቻላል። በስልክ ፎቶግራፍ ማንሳት አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። ይቀላል፤ ማንሳትም ይገባል። ነገር ግን የስልኩ ምስል ቅጠሉ የጣት ወይም የእጅ ያህል መሆኑን አይናገርም፤ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሸጥም አብሮ ይሄዳል። የፀሐይ ኅትመት ግን ልኩ የቅጠሉ ልክ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ሦስት ቀን አንድን ቅጠል ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ያንን ቅጠል ዕድሜውን ሁሉ አይረሳውም።

በብዙ እጅ

ስለ ዕፅዋታችን የተጻፈ ነገር የለም ማለቴ እንዳይመስል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሄርባሪየም በ1959 በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥራዝ፣ እነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ስዊድናዊቷ ኢንጋ ሄድበርግ የመሩት ታላቅ ሥራ ነው። በሱዳን በኩልም የአንድሪውስ ባለ 3 ጥራዝ የዕፅዋት መጽሐፍ ከ1950 እስከ 1956 ታትሟል። እነዚህ ሥራዎች የሊቃውንት ናቸው፤ ዋጋቸውም አያጠራጥርም። ነገር ግን ሁለቱም በድንበር የተከፈሉ ናቸው፤ አንዱ ገላባት ላይ ያበቃል፣ ሌላው መተማ ላይ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ሰውና የሚመላለሰው ስም በአንዱም አልተሟላም። ያ ክፍተት የእኛ ድርሻ ነው።

የሾዋክ ነዋሪ ስለ መጥፋት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። በ1980ዎቹ ከተማችን በምሥራቅ ሱዳን የስደተኞች ጉዳይ የሚመራባት ማዕከል ነበረች። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ወደዚህ የመጡ ሰዎች ከአገራቸው ይዘው የመጡት አብዛኛው በቃል ያለ ነበር፤ የቃሉ ባለቤቶችም እያለፉ ነው። በላይኛው አትባራና ሰቲት ላይ የተሠሩት መንትያ ግድቦች በ2017 ተመርቀዋል። መብራቱና መስኖው በጎ ነው፤ ቤከር በ1861 ካያቸው የወንዝ ዳርቻዎች ግን ከፊሉ ዛሬ ውሃ ሥር ነው። በዚያ ጥላ ሥር ያደጉ ሰዎች የዛፎቹን ስም ያውቃሉ፤ ልጆቻቸው ቅጠሉን አላዩትም። ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል፤ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ለሱዳን ጥናት የተሰበሰበው ቤተ መጻሕፍት በእሳት ወድሟል። በርሊን በ1943 የተማረችውን ካርቱም ደግማ ተማረችው።

የከርከዴ ቅጠል ቤተ መዘክርን አይተካም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ለአንባቢ መስጠት ማሞኘት ይሆናል። በአንድ ቤት ያለው ሲቃጠል ግን በሌላ ቤት ያለው እንደሚተርፍ ከሺምፐር ቅርንጫፎችና ከአና አትኪንስ ገጾች አይተናል። አሥር ቤት አሥር ቅጠል ቢያትም፣ እያንዳንዱም ሁለት ሁለት አትሞ አንዱን ለጎረቤቱ ቢሰጥ፣ ማንም ባለሥልጣን ሳይፈቅድ፣ ማንም ለጋሽ ሳይረዳ የሚጸና መዝገብ ይሆናል። በኅትመቱ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ቅጠሉን የሰጠው ሰው ያለው ስም፣ በሌሎቹ ቋንቋዎች የሚጠራበት ስም፣ ለምን እንደሚጠቅም። የአታሚውም ስም ይጻፍ፤ የባሉጋኒ ነገር ይበቃናል። ለመድኃኒት የሚውል ተክል ሲሆን ደግሞ ኅትመቱ ለመለያ እንጂ ለማዘዣ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም፤ መጠኑን የሚያውቅ ሐኪም ነው።

እኔ በመጀመሪያ ያተምሁት ያችኑ ባለ አምስት ጣት ቅጠል ነው። የተበልዲ ሳይንሳዊ ስም በሴኔጋል በኖረው ፈረንሳዊ በአዳንሶን የተሰየመ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ግን «ባለ ጣት» ማለት መሆኑን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። አዛውንቷ የነገሩኝን የአውሮፓ ሊቃውንትም አይተውታል፤ ቅጠሉን ያየ አይስትም። ኅትመቱን ሁለት አድርጌ ነበር። አንዱ በመዝገበ ቃላቴ መካከል፣ «ባምባ» የሚለው ቃል ያለበት ገጽ ላይ ተቀምጧል። ሁለተኛውን ለልጅ ልጃቸው ሰጠኋት። በጀርባው ላይ የአያቷን ስም ከሁሉ በፊት ጻፈች።

ተበልዲ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። መስከረምና ጥቅምት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ የበረታችበት፣ ቅጠሉም ገና ከዛፉ ያልወረደበት ጊዜ ነው። ለመጀመር የሚሻ አንባቢ ይህን ወቅት ባያሳልፈው መልካም ነው።